91 ብቸኛ ቁጥር ነው? ከልጄ ጋር አካፋይ የምንፈልግበት መንገድ

እኔ ሴራሚክ አንጣፊ ነኝ። ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ኅዳር አንድ ማታ የሒሳብ ደብተሯን ይዛ መጣች። ከ100 በታች ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች፣ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር በሌላ የማይካፈሉትን፣ ጻፉ ተብለው እሷ 91ን ጨምራ ነበር። በቀይ ተሰርዟል።

«አባዬ፣ በ2 አይካፈልም። በ3 አይካፈልም። በ5 አይካፈልም። ታዲያ ለምን ተሳሳትሽ ይሉኛል?» አለችኝ።

እውነቷን ነው የተናደደችው። ሕጎቹን አንድ በአንድ ሸምድዳለች። ከየት እንደመጡ ግን አታውቅም። ሕጉ የማይደርስበት ቁጥር ሲገጥማት የምትይዘው ነገር አጣች።

ያን ማታ የጀመርነው ነገር እስካሁን አልቆመም። እኛ ቤት የሠራውን መንገድ ልንገራችሁ። ልጅ የምታስጠኑ ከሆነ፣ ወይም ራሳችሁ በተማሪነታችሁ ያለፋችሁ ከሆነ፣ ወረቀትና እርሳስ ያዙ። ካልኩሌተሩ ለጊዜው ይቀመጥ።

መሬት ላይ መደርደር

ከሥራ የተረፉ ትናንሽ የሞዛይክ ቁርጥራጮች ነበሩኝ። 24 ቆጥሬ ሰጠኋትና «አንድም ሳይተርፍሽ፣ አንድም ሳይጎድልሽ፣ ሙሉ አራት ማዕዘን አድርገሽ ደርድሪያቸው» አልኳት። ሞዛይክ ከሌላችሁ ሽምብራ ወይም ቆርኪ ይበቃል።

መጀመሪያ 4 በ6 ደረደረች። ቀጥላ 3 በ8። ከዚያ 2 በ12። በመጨረሻ ከሶፋው እስከ በሩ ድረስ አንድ ረጅም መስመር፣ 1 በ24። «5 በ5 ሞክሪ» አልኳት። አራት ረድፍ ሞላችና እጇ ላይ 4 ፍሬ ቀረ። በ7 ስትሞክር ደግሞ ሦስት ረድፍ ሞልታ 3 ተረፋት።

ያ እጅ ላይ የሚተርፈው ነገር ቀሪ ይባላል። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ስለ እሱ ነው። ቀሪ ከሌለ፣ በአንድ ረድፍ የደረደራችሁት ቁጥር አካፋይ ነው። ቀሪ ካለ አይደለም። በቃ።

ስለዚህ የ24 አካፋዮች 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 8፣ 12 እና 24 ናቸው። ልብ በሉ፣ በጥንድ በጥንድ ነው የመጡት። 3ን ስታገኙ 8 አብሮ መጣ። 4ን ስታገኙ 6 መጣ። አንዱን ብቻ ጽፎ ሌላውን መርሳት የልጆች ትልቁ ስሕተት ስለሆነ፣ ልጄ አካፋዮችን ሁልጊዜ በጥንድ እንድትጽፍ አስለምጃታለሁ፤ ትንሹ በግራ፣ ትልቁ በቀኝ።

36 ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አየች። 1 በ36፣ 2 በ18፣ 3 በ12፣ 4 በ9፣ ከዚያ 6 በ6። የመጨረሻው ጥንድ የለውም፤ ራሱ ከራሱ ጋር ነው። ስለዚህ የ36 አካፋዮች 9 ናቸው፣ ጎዶሎ። የአካፋዮቻቸው ብዛት ጎዶሎ የሚሆነው እንዲህ ሙሉ ካሬ ሆነው የሚደረደሩ ቁጥሮች ብቻ ናቸው። 49ን፣ 64ን፣ 100ን ሞክሩ።

23 ፍሬ ስሰጣት ግን ከአንድ ረጅም መስመር ሌላ ቅርጽ እምቢ አላት። ብቸኛ ቁጥር ማለት ይህ ነው። ልክ ሁለት አካፋይ ብቻ አለው፤ 1 እና ራሱ። 1 ብቸኛ ቁጥር የማይባለውም ለዚህ ነው፤ ያለው አካፋይ አንድ ብቻ ነው። ከተጋማሽ ቁጥሮች ደግሞ ብቸኛ የሆነው 2 ብቻ ነው።

ፍለጋው የት ይቆማል?

ይህችን ነገር ብዙ ሰው ይዘላታል። እኔ ግን ከሁሉም የምወዳት እሷን ነው፤ ጊዜ ታተርፋለች።

የ24ን ጥንዶች መልሳችሁ እዩ። 1 በ24፣ 2 በ12፣ 3 በ8፣ 4 በ6። ትንሹ እያደገ፣ ትልቁ እየቀነሰ ይቀራረባሉ። 4 በ6ን ካለፋችሁ የሚመጣው 6 በ4 ነው። እሱን ደግሞ አግኝታችሁታል፤ ፍሬዎቹን አዙሮ ማየት ብቻ ነው። ስለዚህ የምትሞክሩት ቁጥር በራሱ ሲባዛ ከዋናው ቁጥር ከበለጠ አቁሙ። ለ24፣ 5 በ5 25 ነው፤ በልጧል፤ 4 ላይ ጨርሳችኋል።

ለ91፣ 9 በ9 81፣ 10 በ10 100። ከ10 ጀምሮ መሞከር አያስፈልግም። ከ10 በታች ደግሞ ብቸኛ ቁጥሮችን ብቻ መሞከር ይበቃል፤ በ2 ያልተካፈለ ቁጥር በ4ም በ6ም በ8ም አይካፈልምና። የቀሩት 2፣ 3፣ 5 እና 7 ናቸው። ልጄ ሦስቱን ሞክራለች። የቀራት አንድ ነበር።

ሳያካፍሉ ቀሪውን ማወቅ

347ን ውሰዱ። 34 አሥሮችና 7 ነው። አሥር በ2ም በ5ም ያለ ቀሪ ይካፈላል። ስለዚህ 34ቱ አሥሮች ጣጣ የላቸውም። ጣጣው ያለው 7 ላይ ብቻ ነው። በ2፣ በ5 እና በ10 መካፈልን ለማወቅ የመጨረሻውን አሃዝ ብቻ የምናየው ለዚህ ነው።

በ4 ግን አሥር ራሱ 2 ይተርፈዋል፤ አሥሮቹን መተው አይቻልም። መቶ ግን ልክ 25 አራቶች ነው። ስለዚህ መቶዎቹን ትተን የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች እናያለን። 7,316 ቢሆን 16ን ብቻ። በ8ም መንገዱ ያው ነው፤ ሺህ 125 ስምንቶች ስለሆነ የመጨረሻዎቹን ሦስት አሃዞች።

የ4ን ነገር እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ትምህርት ቤት አይደለም። አያቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። ዘመኑ የማን እንደሆነ ስንጠይቃቸው ጣታቸውን እያጠፉ ይነግሩን ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይጨመራል፤ ዓመተ ዓለም ይሆናል። እሱ ለ4 ይካፈላል። 1 ከተረፈ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ።

2018ን እንሞክር። 7518 ይሆናል። መቶዎቹን ተዉ፤ 18 ቀረ። 18 በ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል። ማርቆስ ነው። እንዲያውም 5500 ራሱ በ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል፣ ሳትጨምሩትም መልሱ ያው ነው። የዓመቱን የመጨረሻ ሁለት አሃዞች ብቻ ያዙ። 2019፣ 19፣ ቀሪ 3፣ ሉቃስ። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በሉቃስ መጨረሻ ነው። ልጄ ይህን ካወቀች ወዲህ ዘመድ ሁሉ የተወለደበትን ዓመት እየጠየቀች ወንጌላዊውን ትነግረዋለች። የአክስቷን ስትነግራት አክስቷ እልል አለች።

አሁን ወደ 3 እና 9። «አሃዞቹን ደምር» የሚለውን ሕግ ሁሉም ያውቀዋል። ለምን እንደሚሠራ ግን እዩት። አንድ አሥር ውስጥ 9 እና አንድ ትርፍ አለ። አንድ መቶ ውስጥ 99 እና አንድ ትርፍ። አንድ ሺህ ውስጥ 999 እና አንድ ትርፍ። 4,752 ላይ እንሥራው። 4ቱ ሺዎች 4 ትርፍ ያመጣሉ። 7ቱ መቶዎች 7። 5ቱ አሥሮች 5። 2ቱ አንዶች እዚያው አሉ። ትርፉ ሲሰበሰብ 18። 18 በ9 ይካፈላል፤ እንግዲያው 4,752ም ይካፈላል። 528 ይደርሳል።

ድምሩ የሚነግራችሁ ይካፈላል አይካፈልም ብቻ አይደለም። ቀሪውንም ይነግራችኋል። አንድ ጊዜ ለሦስት ሆነን የሠራነው ሥራ 14,500 ብር ተከፈለን። ደረጃው ላይ እንደቆምን 1 እና 4 እና 5 ደመርኩ፤ 10። 10 ለ3 አንድ ይተርፋል። «አንድ ብር ትተርፋለች» አልኳቸው፤ እንዳልኩትም ሆነ። ለእያንዳንዳችን 4,833 ደረሰን።

ሌላም ጥቅም አለው። የሰፈራችን እድር ሒሳብ ያዥ ደብተሩና ጥሬ ገንዘቡ አልገናኝ ሲላቸው መጀመሪያ የሚያዩት ልዩነቱ በ9 ይካፈል እንደሆነ ነው። ከተካፈለ ሁለት አሃዝ ተቀያይሮ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። 382 መሆን ያለበት 328 ተብሎ ከተጻፈ ልዩነቱ 54 ነው። የትኞቹም ሁለት አሃዞች ቦታ ቢለዋወጡ ልዩነቱ ምንጊዜም በ9 ይካፈላል። በ9 ካልተካፈለ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ፈልጉ።

በ6 ለመካፈል በ2ም በ3ም መካፈል ይበቃል። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ልጄ «እንግዲያው በ2ም በ4ም ከተካፈለ በ8 ይካፈላል» አለችኝ። 12ን ሰጠኋት። በ2 ይካፈላል፣ በ4 ይካፈላል፣ በ8 ግን 4 ይተርፋል። ሁለት አካፋዮችን አባዝቶ ሦስተኛ ማግኘት የሚቻለው፣ ሁለቱ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ከሌላቸው ነው። 2 እና 3 የላቸውም። 2 እና 4 ግን 2ን ይጋራሉ።

የ11 ሕግ ቆንጆ ነው። አሥር ከ11 በአንድ ይጎድላል። መቶ ከ99 በአንድ ይበልጣል፤ 99 ደግሞ 9 አሥራ አንዶች ነው። ሺህ ከ1001 በአንድ ይጎድላል፤ 1001 ደግሞ 91 አሥራ አንዶች ነው። ስለዚህ ከቀኝ ስትነሱ አንዱ ይጨመራል፣ ቀጣዩ ይቀነሳል። 4,752፦ 2 ሲቀነስ 5፣ ሲደመር 7፣ ሲቀነስ 4። ዜሮ ሆነ። በ11 ይካፈላል፣ 432።

7 ደግሞ ልጄን ያመለጣት ነው። ብዙ ልጆች የ7 ሕግ ጭራሽ ያለ አይመስላቸውም። አለ። የመጨረሻውን አሃዝ ቁረጡት፣ እጥፉን ከቀረው ቀንሱ። የመጣው በ7 ከተካፈለ ዋናውም ይካፈላል። 364 ቢሆን፣ 4ን ቆርጣችሁ 36 ይቀራል፤ የ4 እጥፍ 8፤ 36 ሲቀነስ 8፣ 28። ይካፈላል።

ለምን? 21 ሦስት ሰባቶች ነው። ሰባቶችን ከአንድ ቁጥር መቀነስ በ7 መካፈሉን አይለውጠውም። ከ364 ላይ አራት ጊዜ 21፣ ማለትም 84 ቀንሱ፤ 280 ይቀራል። ዜሮውን አንሡት፤ 28። 10 እና 7 የሚጋሩት አካፋይ ስለሌላቸው ዜሮውን ማንሣት ጉዳት የለውም። እጥፍ አድርጎ መቀነስ የሚባለው ይኸው ሥራ ሲያጥር ነው።

91 ላይ 9 ሲቀነስ 2፣ 7። በቃ ተያዘ። 91 ማለት 7 በ13 ነው። ልጄ ለአንድ አፍታ ዝም አለች። ከዚያ ፍሬዎቹን ቆጥራ 7 ረድፍ ደረደረች። ልክ ገባ።

ከ100 በታች በ2፣ በ3 እና በ5 ሳይያዙ የሚያመልጡ፣ ግን ብቸኛ ያልሆኑ ቁጥሮች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 49፣ 77 እና 91። 49 እና 77ን ልጆች ከማባዛት ሰንጠረዥ ያውቋቸዋል። 91 ሰንጠረዡ ላይ ስለሌለ ነው ስንቱን የሚያሳስተው። 51፣ 57 እና 87ም ብቸኛ ይመስላሉ፤ አሃዞቻቸውን ስትደምሩ ግን 3 ይይዛቸዋል። እውነተኞቹን በሙሉ ማየት ከፈለጋችሁ ከ2 እስከ 100 ጻፉና የ2ን ብዜቶች፣ የ3ን፣ የ5ን፣ የ7ን ሰርዙ፤ 2፣ 3፣ 5 እና 7 ራሳቸው አይሰረዙ። 25 ቁጥሮች ይቀራሉ። ይህ የኤራቶስቴንስ ወንፊት ይባላል፤ ዱቄቱ ያልፋል፣ ብቸኞቹ ወንፊቱ ላይ ይቀራሉ።

ወደ ወለሉ

ቁጥርን እስከ መጨረሻው ማፍረስ የሚባል ነገር አለ። 360ን በትንሹ ጀምሩ። ለ2፣ 180። ለ2፣ 90። ለ2፣ 45። ከዚህ በኋላ በ2 አይሆንም፤ ለ3፣ 15። ለ3፣ 5። ስለዚህ 360 = 2 × 2 × 2 × 3 × 3 × 5። ከየትም ጀምሩ፣ በ10 ወይም በ9 ጀምሩ፣ መጨረሻ ላይ የምታገኟቸው ብቸኛ ቁጥሮች እነዚሁ ናቸው።

ከዚህ የአካፋዮቹን ብዛት ሳትዘረዝሩ ታገኛላችሁ። አንድ አካፋይ ስትሠሩ ከሦስቱ 2ዎች ምንም፣ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ትወስዳላችሁ፤ 4 ምርጫ። ከሁለቱ 3ዎች 3 ምርጫ። ከ5 ደግሞ 2 ምርጫ። 4 × 3 × 2፣ 24። 360 ሃያ አራት አካፋይ አለው።

ለእኔ ይህ እንጀራ ነው። አንድ ሳሎን 4 ሜትር ከ80 በ3 ሜትር ከ60 ነበር። ሳይቆረጥ የሚገባ ካሬ ሴራሚክ የትኛው ነው? የጎኑ ልክ 480ንም 360ንም ያለ ቀሪ ማካፈል አለበት። በመሐል የሚተወውን ቀጭን ክፍተት ለስሌቱ እንተወው። 50 አይሆንም። 60 ይሆናል፤ 8 በ6፣ 48 ፍሬ። ካርቶኑ 4 ፍሬ ከያዘ 12 ካርቶን፣ ለመሰበር አንድ ጨምሩ። 40ም ይሆናል፣ 108 ፍሬ። 30ም ይሆናል፣ 192 ፍሬ። ከሁሉም ትልቁ 120 ነው፤ ትልቁ የጋራ አካፋይ የሚባለው እሱ ነው።

ቁጥሮቹ እንዲህ ለስላሳ ባይሆኑስ? 462 በ378 ቢሆን? እዚህ ላይ ማፍረስ አያስፈልግም። ከትልቁ ትንሹን ቀንሱ፤ 84። ከ378 ውስጥ 84ን የቻላችሁትን ያህል አውጡ፤ አራት ጊዜ ይወጣና 42 ይተርፋል። 84 ውስጥ 42 ሁለቴ፣ ቀሪ የለም። መልሱ 42። ወለሉ ላይ ስታስቡት ትልቁን ካሬ ታነጥፋላችሁ፣ በተረፈው ቁራጭ ላይ የሚገባውን ትልቁን ካሬ ታነጥፋላችሁ፣ ቁራጭ እስኪያልቅ። የጥንቱ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ እስክንድርያ ሆኖ ይህን የጻፈው ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት ነው። እኔ ደግሞ በየሳምንቱ እሠራበታለሁ።

ትንሹ የጋራ ብዜት፣ ማለትም ለሁሉም ቁጥሮች ያለ ቀሪ የሚካፈለው ትንሹ ቁጥር፣ ላይ ብዙ አልቆይም፤ አንድ ምሳሌ ብቻ፣ ከአያቴ ሒሳብ። ወንጌላውያን በ4 ዓመት ይዞራሉ። ዕለታት በ7። አበቅቴ፣ ማለትም የፀሐይና የጨረቃ አቆጣጠር ልዩነት፣ የሚቆጠርበት ዙር 19 ዓመት ነው። 4 እና 7 የሚጋሩት የለም፤ ስለዚህ አብረው የሚገናኙት በ28 ዓመት ነው፤ ዐውደ ፀሐይ ይባላል። 4 እና 19 በ76፤ ዐውደ ማኅተም። ሦስቱም አንድ ላይ በ532 ዓመት፤ ዐውደ ቀመር። የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር፣ ሊቃውንት ትንሹን የጋራ ብዜት እንዲህ በስም በስሙ ይዘውት ኖረዋል። ልጄ 4 × 7 × 19ን ራሷ አባዝታ 532 ሲመጣ፣ አያቴን በሕይወት ባገኝና ባሳያቸው ብዬ ተመኘሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሥራ ቦታ ይዣት ሄድኩ። ምሳ ላይ አንድ ቁጥር ሰጠችኝ፤ 221። በ2 አይሆንም። አሃዞቹ 5፣ በ3 አይሆንም። በ5 አይሆንም። 22 ሲቀነስ 2፣ 20፣ በ7 አይሆንም። 1 ሲቀነስ 2 ሲደመር 2፣ 1፣ በ11 አይሆንም። «ብቸኛ ነው» አልኳት።

«አባዬ፣ 15 በ15 225 ነው። ገና አላለፍክም። 13ን አልሞከርክም» አለችኝ፤ ካርቶኑ ጀርባ ላይ ጻፈችው። 13 በ17።